ከመንጋጋው ጀርባ ያለው መንገድ

እ.ኤ.አ. በ1874 መጀመሪያ ላይ ኖርዌያዊው የቀዶ ሕክምና ባለሙያ ያኮብ ሃይበርግ በአንድ የእንግሊዝ የሕክምና ጋዜጣ ላይ አጭር ምክር አሳተመ። በዚያ ዘመን ሕመምተኛን ለማስተኛት ከሚያገለግሉት አንዱ ክሎሮፎርም ነበር። ክሎሮፎርም ሕመምን ያስረሳል፤ ሕመምተኛው በጥልቅ ሲተኛ ግን ምላሱ ወደ ኋላ ይወድቅና ጉሮሮውን ይዘጋዋል፤ ፊቱ ይጠቁራል፤ ትንፋሹ ይቆማል። ሐኪሞች ምላሱን በመቆንጠጫ ይዘው ወደ ውጭ ይጎትቱ ነበር። ሃይበርግ ያቀረበው ዘዴ ምንም መሣሪያ የማይጠይቅ ነው፦ ከሕመምተኛው ራስጌ መቆም፣ የሁለቱን እጆች ጣቶች ከጆሮ በታች ባለው የመንጋጋ ማዕዘን ኋላ ማስገባት፣ የታችኛውን መንጋጋ እንዳለ ወደ ፊት መግፋት። መንጋጋው ወደ ፊት ሲመጣ ምላሱም አብሮ ይመጣል፤ የተዘጋው መንገድ ይከፈታል። ጀርመናዊው ፍሪድሪክ ኤስማርክ ዘዴውን በጦር ሜዳ ሕክምና መጽሐፉ አስፋፋው። ዛሬም በየድንገተኛ ክፍሉና በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ ይሠራበታል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በዚያው ምዕተ ዓመት ሌሎች ሐኪሞች ደግሞ ከልክ በላይ ወደ ፊት የወጣን የታች መንጋጋ በመጋዝ ቆርጠው ወደ ኋላ መመለስ ጀምረው ነበር። ወደ ፊት መግፋቱ የአየርን መንገድ የሚከፍት ከሆነ ወደ ኋላ መመለሱስ ምን ያደርጋል? ዛሬ ለሚያነብ ሰው ጥያቄው ግልጽ ነው። ይሁን እንጂ መልሱ በቅጡ መፈለግ የጀመረው የሃይበርግ ምክር ከታተመ ከ100 ዓመት በኋላ ነው። ዕውቀቱ ነበረ፤ ግን ተለያይቶ ይኖር ነበር። ማደንዘዣ ሰጪው በየቀኑ በእጁ የሚያየውን የመንጋጋ ሐኪሙ ከራሱ ሥራ ጋር አላያያዘውም። አንዱ ጉሮሮን ሲመለከት ሌላው ጥርስንና መልክን ይመለከት ነበር።

የአፍና የአንገት አሠራር ነገሩን ያብራራዋል። ትልቁ የምላስ ጡንቻ የሚነሣው ከአገጭ አጥንት የውስጥ ገጽ፣ ከታች የፊት ጥርሶች ሥር ዝቅ ብላ ከምትገኝ ትንሽ ጉብታ ነው። ከአገጭ በታችና ከማንቁርት በላይ ደግሞ ሃዮይድ የምትባል ቅስት አጥንት አለች። ይህች አጥንት ከሌላ ከየትኛውም አጥንት ጋር አትጋጠምም፤ በጡንቻና በጅማት ተንጠልጥላ ትኖራለች። ወደ ፊት የሚስቧት ጡንቻዎች የተያያዙት እዚያው መንጋጋው ላይ ነው። እንግዲህ መንጋጋው ምላስና ሃዮይድ የታሰሩበት ችካል ነው፤ ችካሉ ተነቅሎ ወደ ኋላ ሲተከል የታሰሩትም ወደ ኋላና ወደ ታች ይሄዳሉ።

ከምላስ ሥር በስተኋላ ያለው የአየር መንገድ ዙሪያውን በአጥንት ወይም በልም አጥንት የታጠረ አይደለም። ክፍት ሆኖ የሚቆየው በጡንቻዎች ጥንካሬ ነው። ሰው ነቅቶ ሳለ ጡንቻዎቹ መንገዱን ይጠብቃሉ፤ ሲተኛ ይላላሉ። በጀርባ ሲተኙ ደግሞ የምላስ ክብደት ይጨመርበታል። መንገዱ ትንሽ ሲጠብ አየሩ የሚገጥመው ተቃውሞ በብዙ ይጨምራል፤ ፈረንሳዊው ሐኪም ፕዋዜይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ባረጋገጠው ሕግ መሠረት፣ በቧንቧ ውስጥ በእርጋታ የሚፈስ ነገር ቧንቧው በግማሽ ሲጠብ 16 እጥፍ ተቃውሞ ይገጥመዋል። ጉሮሮ እንዲያ ቀጥ ያለ ቧንቧ ባይሆንም፣ ጥቂት ሚሊ ሜትር ለምን ትርጉም እንደሚኖራት ሕጉ ያሳያል።

ወደ ፊት የወጣ የታች መንጋጋ በታሪክ ውስጥ በደንብ የተመዘገበ ነገር ነው። በአውሮፓ ለዘመናት የነገሠው የሃብስበርግ ቤተሰብ በዚህ ገጽታው ይታወቃል። የንጉሠ ነገሥት ካርል 5ኛ (1500–1558) ሥዕሎች ጺሙ ያልሸፈነውን አገጭ ያሳያሉ። በ1700 የሞተው የስፔኑ ንጉሥ ካርሎስ 2ኛ ደግሞ ምግብ በቅጡ ማኘክ ይቸገር ነበር። ጉዳዩ የመልክ ብቻ አይደለም። የላይና የታች ጥርሶች ካልተጋጠሙ እንጀራም ሆነ ዳቦ በፊት ጥርስ መቁረጥ ይከብዳል፤ አንዳንድ ድምፆች ይበላሻሉ፤ ሕፃን በትምህርት ቤት ይሣቅበታል። ሕመምተኞች እስከ መጋዝ ድረስ የታገሡት በዚህ ምክንያት ነው።

በጽሑፍ የቀረው የመጀመሪያው የመንጋጋ ማስተካከያ ቀዶ ሕክምና የተደረገው በአሜሪካ፣ ያኔ በቨርጂኒያ ግዛት ሥር በነበረችው የዊሊንግ ከተማ ነው። ሐኪሙ ሳይመን ሃሊሄን ይባል ነበር፤ ሥራውን ያሳተመው በ1849 ነው። ሕመምተኛዋ በልጅነቷ አንገቷና ደረቷ በእሳት የተቃጠለ ወጣት ነበረች። የቃጠሎው ጠባሳ እየተኮማተረ አገጯን ወደ ደረቷ ጎትቶት፣ በማደግ ላይ የነበረው መንጋጋዋ ረዝሞና ጎብጦ ቀርቷል። ሃሊሄን በመጀመሪያ ከመንጋጋዋ ፊተኛ ክፍል ቁራጭ አጥንት አውጥቶ ጥርሶቹን የያዘውን ክፍል ወደ ኋላ መለሰ፤ ቀጥሎ የአንገቷን ጠባሳ ፈትቶ ከትከሻዋ በወሰደው ቆዳ ሸፈነው፤ በመጨረሻም ከንፈሯን አስተካከለ። ሃሊሄን የጥርስንም የቀዶ ሕክምናንም ሥራ አንድ ላይ የያዘ ሰው ነበር፤ ብዙ የታሪክ ጸሐፊዎች በአሜሪካ የአፍና የመንጋጋ ቀዶ ሕክምና አባት አድርገው ያዩታል። የእሱ ሥራ ግን ለብዙ ዐሥርት ዓመታት ተከታይ አላገኘም።

መንጋጋን በሁለቱም በኩል ቆርጦ ሙሉውን ወደ ኋላ የመመለስ ሥራ የታየው በ1897 በሴንት ሉዊስ ከተማ ነው። ቪልሬይ ብሌር የሚባል የ26 ዓመት ወጣት ሐኪም ከሕመምተኛው የታች መንጋጋ ከግራና ከቀኝ አንዳንድ ቁራጭ አጥንት አውጥቶ፣ የቀረውን ፊተኛ ክፍል ወደ ኋላ ገፍቶ አጋጠመው። አብሮት በጉዳዩ የነበረው ኤድዋርድ ኤንግል በኋላ የዘመናዊ የጥርስ አቀማመጥ ሕክምና መሥራች ተብሎ የተጠራው ሰው ነው። ያ ሕክምና ከባድ ዋጋ ነበረው፦ ቁራጩ በወጣበት ቦታ ያሉ ጥርሶች ይጠፋሉ፤ በአጥንቱ ውስጥ የሚያልፈው ነርቭ ሲጎዳ የታች ከንፈር ይደነዝዛል። አንቲባዮቲክ ባልነበረበት ዘመን ደግሞ በአፍ ውስጥ የተቆረጠ አጥንት ሲመረዝ መንጋጋውን በሙሉ ለአደጋ ያጋልጣል።

ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1899፣ ኤንግል እስከ ዛሬ የሚሠራበትን ምድብ አወጣ። የላይና የታች ጥርሶችን አጋጠም በሦስት ክፍል ከፈለው፤ የታቹ ወደ ፊት የቀደመበት ሦስተኛ ክፍል ተባለ። ምድቡ ለሙያው የጋራ ቋንቋ ሰጠው። የሐኪሙን ዓይን ግን በጥርስ ላይ አሰረው፤ መንጋጋ ተስተካከለ የሚባለው ጥርስ ከጥርስ ሲገጥም ነበር።

በሌላ ክፍል ግን ምላስና እስትንፋስ ይጠኑ ነበር። በፓሪስ የአፍ ሐኪም የነበረው ፒየር ሮበን በ1923 መንጋጋቸው ትንሽና ወደ ኋላ የሸሸ ሆነው የሚወለዱ ሕፃናትን ሁኔታ ጻፈ። የእነዚህ ሕፃናት ምላስ ወደ ጉሮሮ እየወደቀ ያፍናቸዋል፤ ጡት መጥባት ያቅታቸዋል፤ አንዳንዶቹ ይሞታሉ። ሕፃኑን በሆዱ ማስተኛት ወይም መንጋጋውን ወደ ፊት የሚያመጣ ዘዴ መጠቀም ነፍስ ያድናል። ዛሬ ሁኔታው በእሱ ስም ይጠራል። የሮበን ጽሑፍ ከሃይበርግ ምክር ጋር ሲነበብ መልእክቱ አንድ ነው፤ መንጋጋ ኋላ ሲሆን አየር ያጥራል። ሁለቱም ጽሑፎች ከታተሙ በኋላም የመንጋጋ ሐኪሞች ወደ ኋላ የመመለሱን ሥራ ቀጥለው ነበር።

በ1920ዎቹ መጨረሻ በፕራግ የሚሠራው ፍራንቲሼክ ኮስቴችካ ከጥርሱ ክፍል ይልቅ ከጆሮ በታች ቀጥ ብሎ የሚወጣውን የመንጋጋ ክንፍ መቁረጥ መረጠ። ጣሊያናዊው ሊዮናርዶ ጂሊ በ1890ዎቹ ለማኅፀን ሐኪሞች የሠራውን ሽቦ መጋዝ በጠማማ መርፌ ከአጥንቱ ኋላ አሳልፎ፣ ዓይን ሳያየው ከውስጥ ይቆርጠው ነበር። ቀዶ ሕክምናው ፈጣን ነው፤ ጥርስም አያጠፋም። የተቆረጡት አጥንቶች ግን የሚነካኩበት ገጽ ጠባብ ስለ ሆነ የማኘክ ጡንቻዎች ይስቧቸዋል፤ በብዙ ሕመምተኞች የፊት ጥርሶች ተከፍተው ይቀራሉ፤ መንጋጋውም ወደ ቀድሞ ቦታው ይመለሳል።

መፍትሔው የመጣው ከኦስትሪያ ነው። ሁጎ ኦብቬጌዘር በ1920 በሆሄኔምስ ተወለደ፤ በግራትስ ከተማ በሪቻርድ ትራውነር ሥር ሠራ፤ ኋላም ወደ ስዊዘርላንድ፣ ወደ ዙሪክ ተሻገረ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ ያዳበረው ዘዴ የመንጋጋውን ክንፍ በአግድም ከመቁረጥ ይልቅ በቁመቱ ሰንጥቆ የውስጥና የውጭ ገጹን ማለያየት ነው። ሥራው በሙሉ በአፍ ውስጥ ስለሚከናወን ፊት ላይ ጠባሳ አይቀርም። የተሰነጠቁት ሁለት ገጾች አንዱ በሌላው ላይ ይንሸራተታሉ፤ ሰፊ የአጥንት ገጽ ስለሚነካካ ቶሎ ይድናል። ኦብቬጌዘርና ትራውነር ዘዴውን በ1957 በእንግሊዝኛ ካሳተሙ በኋላ ወደ አሜሪካም ተሻገረ። ጣሊያናዊው ጆርጆ ዳል ፖንት በ1961 ስንጥቁን ወደ ፊት አስረዝሞ አሻሻለው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ይገባል፤ ይኸው ስንጥቅ ጥርሶችን የያዘውን ክፍል ወደ ኋላም ወደ ፊትም ለመውሰድ ያገለግላል። አንዱ አቅጣጫ ጉሮሮን ሊያጠብ፣ ሌላው ሊያሰፋ እንደሚችል ግን ያኔ የብዙዎች ጥያቄ አልነበረም።

ቀዶ ሐኪሞች ስለ እስትንፋስ ጨርሶ አያስቡም ነበር ማለት አይቻልም። አጥንቱ እስኪገጥም ድረስ የላይና የታች ጥርሶች ለ6 ሳምንት ያህል በሽቦ ተጠፍረው ይታሰሩ ነበር። ሕመምተኛው ቢያስመልሰው ወይም አፉ ውስጥ ያለው እብጠት ቢያፍነው ሽቦውን በጥሶ ነፍሱን ለማዳን፣ የሽቦ መቁረጫ ጉጠት ከአልጋው አጠገብ ይቀመጥ ነበር። ነርሶች የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች በንቃት ያድሩ ነበር። በባዝል የሚሠራው በርንት ሽፒስል በ1974 አጥንቱን በብሎን የማሰር ዘዴን ካስተዋወቀ በኋላ ይህ የሽቦ ዘመን ቀስ በቀስ አለፈ። ሥጋቱ ግን በዚያ አጭር ጊዜ ላይ ያተኮረ ነበር። እብጠቱ ሲቀንስና ሽቦው ሲፈታ የአየሩ ጉዳይ እንደ ተዘጋ ይቆጠር ነበር።

የምላስንና የሃዮይድን ነገር የለኩ ሰዎችም ነበሩ። የራስን ቅል በአንድ ወጥ አቀማመጥ ከጎን የሚያነሣ ራጅ በ1931 በአሜሪካ በብሮድቤንት፣ በጀርመን በሆፍራት ተዘጋጅቶ ነበር። በእነዚያ ፊልሞች ላይ ከምላስ ሥር ኋላ የሚታየው ጥቁር ሰንበር የአየር መንገዱ ነው። በ1967 እና በ1972 አሜሪካዊው ዊልያም ፕሮፊትና ባልደረቦቹ መንጋጋ ወደ ኋላ ሲመለስ ሃዮይድና ምላስ የት እንደሚደርሱ በእንዲህ ያለ ራጅ አጠኑ። የእነዚህ ጥናቶች ጥያቄ ግን ያኔ የሁሉም ሐኪም ጥያቄ የነበረው ነው፦ ምላስ ለአዲሱ ጠባብ ቤቱ ይለምዳል ወይስ መንጋጋውን ገፍቶ ወደ ፊት ይመልሰዋል? ሐኪሞቹ የሠሩት እንዳይፈርስ ይጨነቁ ነበር። ሕመምተኛው ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ የሚመዘግብ መሣሪያና የእንቅልፍ ትንፋሽ በሽታ ዕውቀት ገና በመወለድ ላይ ነበር።

የእንቅልፍ አፕኒያ፣ ማለትም በእንቅልፍ ላይ የትንፋሽ መቋረጥ፣ እንደ በሽታ የታወቀው ዘግይቶ ነው። በ1956 በቦስተን ሲድኒ በርዌልና ባልደረቦቹ ከመጠን በላይ ወፍሮ ቀን ቀን የሚያንቀላፋ አንድ ነጋዴ ታሪክ አሳተሙ፤ ሰውየው በካርታ ጨዋታ ላይ የሚያሸንፍ እጅ ይዞ ሳለ እንቅልፍ ወስዶት ነበር። ሐኪሞቹ ሁኔታውን ቻርልስ ዲከንስ ከ1836 ጀምሮ በጻፈው ልብ ወለድ ውስጥ ካለ እንቅልፋም ልጅ ጋር አያይዘው ሰየሙት። ይሁን እንጂ ሌሊት ጉሮሮው እየተዘጋ መሆኑን አላዩም። ያንን ያዩት በ1965 በፈረንሳይ ማርሴይ የአንሪ ጋስቶ ቡድን፣ በጀርመን ፍራይቡርግ ደግሞ ዩንግና ኩሎ ናቸው። የተኛን ሰው የአንጎል ሞገድና ትንፋሽ ሌሊቱን ሙሉ አብረው ሲመዘግቡ፣ ደረቱ እየታገለ አየር እንደማይገባ፣ አንጎሉም እየነቃ እንደሚያድነው ተመለከቱ። እንዲህ ያለ ሰው በአንድ ሌሊት በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ሊነቃ ይችላል፤ ጠዋት ግን አያስታውሰውም።

በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክርስቲያን ጊየሚኖና ባልደረቦቹ በ1976 በሽታውን በመለኪያ ወሰኑት። ትንፋሽ ቢያንስ ለ10 ሴኮንድ ሲቆም አንድ አፕኒያ ተባለ። ዛሬ ሐኪሞች በአንድ ሰዓት እንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ ስንቴ እንደሚቆም ወይም በጉልህ እንደሚቀንስ ይቆጥራሉ፤ ከ5 በታች ለአዋቂ ጤናማ ነው፣ ከ5 እስከ 15 ቀላል፣ እስከ 30 መካከለኛ፣ ከዚያ በላይ ከባድ ነው። በሽታው የደም ግፊትን፣ የልብን ሥራና የቀን ንቃትን ይጎዳል፤ መኪና ሲያሽከረክሩ ማንቀላፋት ሰው ይገድላል። በ1993 ከዊስኮንሲን የወጣ ጥናት ከ30 እስከ 60 ዓመት ባሉ ሠራተኞች መካከል ከወንዶች 4 በመቶው፣ ከሴቶች 2 በመቶው ሕመሙ ከቀን እንቅልፋምነት ጋር እንዳለባቸው አሳየ። ማንኮራፋት የቤተሰብ ጨዋታ ብቻ እንዳልሆነ ብዙዎች የተረዱት ያኔ ነው።

የመጀመሪያው ፍቱን ሕክምና ከጉሮሮ በታች አንገትን በስቶ አየር ማስገባት ነበር፤ ኩሎና ባልደረቦቹ በ1969 ጽፈውታል። ሰው ግን ዕድሜውን ሙሉ አንገቱ ላይ ቀዳዳ ይዞ መኖር ይከብደዋል። በ1979 በሲያትል የሚሠሩ ሐኪሞች ሌላ ሐሳብ ይዘው መጡ፤ የታች መንጋጋን በቀዶ ሕክምና ወደ ፊት በማምጣት አፕኒያን ማከም። የሃይበርግ የእጅ ግፊት በአጥንት ላይ ቋሚ ሆነ ማለት ነው። በ1981 ደግሞ በሲድኒ ኮሊን ሳሊቫን በአፍንጫ ጭምብል የአየር ግፊት የሚሰጥ መሣሪያ ይፋ አደረገ፤ ይህ መሣሪያ እስከ ዛሬ ዋናው ሕክምና ነው።

መንጋጋን ወደ ፊት ማምጣት አፕኒያን የሚያክም መሆኑ ሲታወቅ ተቃራኒው ጥያቄ ማምለጫ አልነበረውም። በ1987 ከስታንፎርድ የወጣው አጭር ጽሑፍ ጉዳዩን ፊት ለፊት አስቀመጠው። ሮበርት ራይሊ፣ ኔልሰን ፓወል፣ ጊየሚኖና ዌር ወደ ፊት የወጣ መንጋጋቸው በቀዶ ሕክምና ወደ ኋላ ከተመለሰ በኋላ የእንቅልፍ አፕኒያ የታየባቸውን ሁለት ሕመምተኞች ታሪክ አሳተሙ። ሁለት ሰው ለማስረጃ ጥቂት ነው። ጽሑፉ ያመጣው ለውጥ ግን ትልቅ ነበር፤ ሐኪሞች ከእንግዲህ መንጋጋ ሲያንቀሳቅሱ ጉሮሮንም መመልከት እንዳለባቸው አስገነዘበ። ይህ ግንዛቤ ከዚያ ቡድን መውጣቱ ምክንያት አለው። ራይሊና ፓወል ሁለቱም በጥርስ ሕክምናም በሕክምናም የተመረቁ ናቸው፤ ከእንቅልፍ ተመራማሪው ከጊየሚኖ ጋር በአንድ ሕመምተኛ ዙሪያ ይሠሩ ነበር። ለ100 ዓመት የተለያየው ዕውቀት በአንድ ክፍል ተገናኘ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች ታሪኩን ውስብስብ አደረጉት። በ1996 በጀርመን ማርቡርግ ሆህባንና ባልደረቦቹ መንጋጋቸው ወደ ኋላ የተመለሰ 16 ሰዎችን ከቀዶ ሕክምናው በፊትና በኋላ በእንቅልፍ ቤተ ሙከራ መረመሩ። ጉሮሮ በራጁ ላይ ጠብቦ ታየ፤ የእንቅልፍ እስትንፋስ መታወክ ግን አልተገኘም። ወጣትና ቀጭን የሆነ ሰው ትርፍ ቦታ አለው፤ መጠነኛ ጥበትን ይቋቋማል። ሰውነትም ይላመዳል፤ ሰው ሳያውቀው ራሱን በመጠኑ ቀና አድርጎ መያዝ ይጀምራል፤ የጉሮሮ ጡንቻዎችም ሥራቸውን ያስተካክላሉ።

ብዙው ጥናት የመጣው ከምሥራቅ እስያ ነው። በጃፓን፣ በኮሪያ፣ በታይዋንና በቻይና ወደ ፊት የወጣ የታች መንጋጋ ከአውሮፓ ይልቅ የተለመደ ስለ ሆነ ወደ ኋላ የመመለሱ ቀዶ ሕክምና እዚያ በብዛት ይሠራል። በደቡብ ኮሪያ ሁለቱን መንጋጋ የማስተካከሉ ሥራ ካለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት ወዲህ ለመልክም ተፈላጊ ሆኗል። ሥራው ማንኮራፋት እንኳ የማያውቁ ጤናማ ወጣቶች ላይ መደረጉ የጥንቃቄውን ግዴታ ያከብደዋል፤ ከመልክ ማስተካከያ በኋላ የትንፋሽ በሽታ ይዞ መሄድ ማንም የተስማማበት ነገር አይደለም። በጃፓን ሌሊት የደምን ኦክስጅን የለኩ ሐኪሞች ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት ኦክስጅን እንደሚቀንስና አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደሚስተካከል አይተዋል። በ2007 የታተመ ሌላ የጃፓን ጥናት ደግሞ የታች መንጋጋ ብቻ ወደ ኋላ ሲመለስ ከሚፈጠረው ጥበት፣ የላይኛው ወደ ፊት መጥቶ የታችኛው በመጠኑ ሲመለስ የሚፈጠረው እንደሚያንስ አሳየ።

የመለኪያው ነገር ራሱ ተለውጧል። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የገባው የጥርስ ሐኪሞች ሲቲ ስካን የአየሩን መንገድ በሦስት ገጽታ፣ በኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ጭምር ለመለካት አስችሏል። መሣሪያው ግን ገደብ አለው። ምስሉ ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ሰውየው ነቅቶና ቀና ብሎ ተቀምጦ ሳለ ነው፤ በሽታው የሚመጣው ተኝቶ ሲጋደም ነው። ራሱን ትንሽ ቢያቀረቅር ወይም ምስሉ በሚነሣበት ቅጽበት ምራቁን ቢውጥ ቁጥሩ ይለወጣል። ስለዚህ ጉሮሮ ጠበበ ማለትና አፕኒያ መጣ ማለት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ2015 ቀደምት ጥናቶችን ሰብስቦ የመረመረ ግምገማም ጥበቱን አረጋግጦ፣ ቀዶ ሕክምናው በራሱ አፕኒያ ያመጣል ለማለት በቂ ማስረጃ እንደሌለ ደምድሟል።

ወደ ፊት በሚወስደው አቅጣጫ ያለው ማስረጃ ግን ጠንካራ ነው። የላይና የታች መንጋጋን አንድ ላይ ወደ ፊት የማምጣቱ ሕክምና በ2010 በሆልቲና በጊየሚኖ ተገምግሞ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በፊት በሰዓት በአማካይ 63.9 የነበረው የትንፋሽ መቋረጥ ወደ 9.5 ወርዷል፤ ሕክምናው የተሳካላቸው ሰዎች ድርሻ 86 በመቶ ደርሷል። አንድ አጥንት በ10 ሚሊ ሜትር ገደማ ወደ ፊት መምጣቱ የሰውን ሌሊት እንዲህ የሚለውጥ ከሆነ፣ ወደ ኋላ የሚወስደውን እያንዳንዱን ሚሊ ሜትር አስቦ መወሰን የሐኪም ግዴታ ነው።

በብዙ ሆስፒታሎች አሠራሩ ተለውጧል። ጥንቁቅ ቀዶ ሐኪም ጥርስን ከማየቱ በፊት ይጠይቃል፦ ያንኮራፋሉ? ቀን ቀን እንቅልፍ ያስቸግርዎታል? አጠገብዎ የሚተኛ ሰው ትንፋሽዎ ሲቆም አይቶ ያውቃል? በቶሮንቶ በፍራንሲስ ቻንግ ቡድን በ2008 ይፋ የሆነው ባለ 8 ጥያቄ መመዘኛ ከእነዚህ በተጨማሪ የደም ግፊትን፣ ክብደትን፣ ዕድሜን፣ የአንገት ውፍረትንና ጾታን ያካትታል። ሥጋት ያለበት ሰው የሌሊት እንቅልፍ ምርመራ ይታዘዝለታል። መንጋጋውን ብዙ ወደ ኋላ ከመመለስ ይልቅ ልዩነቱ ለሁለቱ መንጋጋዎች ይከፈላል፦ የላይኛው ወደ ፊት ይመጣል፣ የታችኛው ጥቂት ይመለሳል። ምላሱ ትልቅ፣ አንገቱ አጭርና ወፍራም ከሆነ፣ ወይም አስቀድሞ የሚያንኮራፋ ከሆነ፣ ብዙ ሐኪሞች የታችኛውን ጨርሰው አይመልሱም፤ የላይኛውን ብቻ ያንቀሳቅሳሉ።

ገና ብዙ ክትትል የሚጠይቀው የጊዜ ጉዳይ ነው። አብዛኞቹ ጥናቶች ሕመምተኛውን የሚከታተሉት ለጥቂት ወራት ወይም ለጥቂት ዓመታት ነው። በ1990ዎቹና በ2000ዎቹ መንጋጋቸው ወደ ኋላ የተመለሰላቸው ወጣቶች ዛሬ ወደ 40ዎቹና 50ዎቹ ገብተዋል። በዚህ ዕድሜ ክብደት ይጨምራል፤ ጡንቻ ይላላል፤ ሴቶች የወር አበባቸው ከቆመ በኋላ አፕኒያ ይበልጥ ያጠቃቸዋል። በ20 ዓመት ዕድሜ የነበረው ትርፍ ቦታ በ50 ዓመት ላይ ላይኖር ይችላል። ስለዚህ ድሮ እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት ሰው ጮክ ብሎ ማንኮራፋት ከጀመረ፣ ሌሊት እየታፈነ ከነቃ ወይም በቂ ተኝቶ ደክሞ ከተነሣ፣ የድሮውን ታሪክ ለሐኪሙ ነግሮ የእንቅልፍ ምርመራ መጠየቅ ይገባዋል። በሽታው ከተገኘ ሕክምና አለው፤ የአየር ግፊት መሣሪያ፣ ሌሊት መንጋጋን ወደ ፊት የሚይዝ የአፍ ውስጥ መሣሪያ፣ ክብደት መቀነስ፣ አስፈላጊ ሲሆንም መንጋጋውን መልሶ ወደ ፊት የሚያመጣ ቀዶ ሕክምና።